የገበያ ቀን ሹክሹክታ

«ባልሽ አሁን የት ነው ያለው?» ሲለኝ መጥረጊያው በእጄ ነበር። ጠያቂው ከፀጥታ ክፍል የመጣ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አለቃችን አቶ ዘውዱ ከጎኑ ቆሞ የቁልፉን ዘለበት በጣቱ ያሽከረክራል። በየጠዋቱ «እንደምን አደርሽ ጥሩወርቅ» ሳይለኝ የማያልፍ ሰው ዛሬ ዓይኔን ማየት አቃተው። ነገሩ የገባኝ ከሰውየው ጥያቄ ይልቅ ከአቶ ዘውዱ ዓይን ነው።

«ለሥራ ወደ አስመራ እንደሄደ ቀረ» አልኩት። «ልጄ ሙሉ ገና ጡት ሳትጥል ነው የሄደው።»

«አይደውልም?»

«ከሄደ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።»

«ስልክ ቤት እየሠራሽ?»

«አዎ ጌታዬ፣ ስልክ ቤት እየሠራሁ።»

ፈገግ አለ። «ይገርማል። እኛ ግን የሰው ድምፅ እየሰማን ነው። በመስመሩ ላይ ሹክሹክታ አለ። አንቺ ሥራ በገባሽበት ቀን ይሰማል፤ በዓል ሆኖ ስትቀሪ ይጠፋል። በገበያ ቀን ደግሞ ይብሳል። ይሄን ምን ትይዋለሽ?»

ከኤርትራ ጋር የድንበሩ ጦርነት የተነሳበት ጊዜ ነው። ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ አስቦ የሚመልስበት ጊዜ ነበር።

«ከእህትሽ ጋርም በኽምጣኛ ታወሪያለሽ አሉ» አለ ሊወጣ ሲል። «በአማርኛ የማይወራ ምን ነገር አላችሁ?» መልሴን አልጠበቀም። «ከሰቆጣ እንዳትወጪ።»

ይህን የምጽፈው ከሥራ ከተሰናበትኩ በኋላ ነው። ከከተማው በላይ ረጅሙ አዲስ ማማ ሲቆም የእኛ አሮጌ ጣቢያ ተዘጋ፤ እኔም አብሬው ወጣሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ሙሉ ግን «እማዬ ጻፊው፣ አለዚያ ሌላ ሰው ሌላ አድርጎ ያወራዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እስካሁንም «ያኔ በስልክ የሰለለችው ሴትዮ» የሚለኝ አይጠፋም።

ሥራ የጀመርኩት ጣቢያው ሲሠራ ለግንበኞች ውኃ በማመላለስ ነው። በአህያ ጀሪካን እየጫንኩ ዳገቱን እወጣለሁ። የመጀመሪያው አለቃ፣ ቁጡ ሰው ነበር፣ አንድም ቀን አላረፈድኩምና «ይቺ ሴትዮ ትቅር» ብሎ ለጽዳት አስቀረኝ። በኋላ አምደወርቅ ስልክ ቤት ሲከፈት ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ ላኩኝ። እዚያ ሥራዬ ግማሹ መጥረግ፣ ግማሹ ገበያ መሃል ገብቶ «እገሌ፣ ስልክ መጥቶልሃል!» እያሉ መጣራት ነበር። አንድ ጊዜ አንዱን ሽማግሌ ብጠራቸው «ስልክ እንዴት አድርጎ ነው እኔ ዘንድ የሚመጣ? እግር አለው?» ብለው ገበያውን አሳቁት። ከዚያ ወደ ሰቆጣ ጣቢያ ተመለስኩ። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ግን በወሩ ይመጣል። እርሻ እንደዚያ አይደለም።

ጣቢያው አንድ የብሎኬት ቤት ነው፤ ውስጡ ባትሪና መሣሪያ፣ ከጀርባው ጄኔሬተር። ከቤቱ አናት ላይ አጠር ያለ የብረት ማማ አለ። ማማው ላይ አፋቸው የሰፋ ሁለት ትልልቅ የቆርቆሮ ቀንዶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ወደ ወልድያ፣ አንዱ ወደ አምደወርቅ ይመለከታል። በእያንዳንዱ አፍ ላይ ወፍራም ነጭ ነገር ተገጥሟል፤ መሃሉ አበጥ፣ ዳሩ ሳሳ ያለ፣ እንደ ምስር ፍሬ ሆኖ ግን የትልቅ ትሪ ያህል ነው። ባለሙያዎቹ ሌንስ ይሉታል። እኛ ዓይን እንለው ነበር። ዓይኑ ልስልስ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ዙሪያውን ቀጫጭን ቦዮች ተቆፍረውበታል።

ስለ ዓይኑ ያስተማሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። ከደሴ እየመጡ ጣቢያውን የሚፈትሹ ባለሙያ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ቀድሞ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው። አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። የተበላሸ ነገር ሲያሳዩአቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ያያሉ። ይዞራሉ። አሁንም ያያሉ። «እጅ ይቸኩላል፤ እጅን አስረሽ ዓይንን ፍቺ» ይሉኛል። ከዚያ በጥፍራቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጣሉ። የፈቱትን ብሎን በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ፣ በፈቱበት ተራ ይደረድሩታል። ዓይኑን ከመንካታቸው በፊት እንደ ቄስ እጃቸውን ይታጠባሉ። አቧራውንም በጨርቅ እንዳልነካው፣ በፍየል ፀጉር ብሩሽ ብቻ እንድጠርገው አዘውኝ ነበር።

አንድ ቀን ብሩሹን ይዤ «ጋሽ መኮንን፣ ይሄን ለምን ቆፋፈሩት? ልስልስ ቢሆን አቧራ አይዝም ነበር» አልኳቸው።

«አንቺ ማሳ ውኃ አስገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከአባቴ ጋር፣ ልጅ ሆኜ።»

«ማሳው አፍ ላይ ደፍ ካለ ውኃው ምን ይሆናል?»

«ደፉን መትቶ ይመለሳል። የመጣውንም ያደፈርሰዋል።»

«ደፉን ብትደለድዪውስ?»

«ዝም ብሎ ይገባል።»

«ይሄ ቦይ ድልዳሉ ነው። ድምፁን የተሸከመው ሞገድ ከአየር ወደዚህ ወፍራም ነገር በድንገት ሲገባ ጥቂቱ ይመለሳል። አልፎ ሊወጣ ሲል ደግሞ ከውስጥ በኩል ጥቂቱ ይመለሳል። ውስጥ ለውስጥ ሲላተም ይቆይና ወደ መሣሪያው ተመልሶ የሚሄደውን ያደፈርሰዋል። ቦዩ ግን ግማሹ አየር ግማሹ ዓይን ነው፤ ቀስ አድርጎ ያስገባዋል።» ሳቅ አሉ። «አቧራው ላንቺ፣ ጥቅሙ ለሰቆጣ።»

እንግዲህ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። ትልልቅ እንግዶች ጣቢያውን ሊጎበኙ ነው ተባለ። አቶ ዘውዱ ቀለም የሚወድ አለቃ ነው። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ በሩ ተቀባ፤ የነዳጁ በርሜል ሳይቀር ተቀባ። ቀቢው ጎረቤቴ ካሳ ነበር። እኔ በእነዚያ ቀናት ከተማ ወርጄ የእንግዶቹን ማረፊያ አዘጋጅ ነበር። እንግዶቹ መጡ፤ ከታች ሆነው ማማውን አንጋጠው አዩ፤ ምሳ በልተው ሄዱ። አቶ ዘውዱም ከዚያ ወዲህ ዓይኑ እንዳይበላሽበት ማንም ማማው ላይ እንዳይወጣ ከለከለ።

ሹክሹክታው ብቅ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ነጋዴዎቹ ናቸው ያጉረመረሙት። ስልኩ ውስጥ ብዙ ሰው ከሩቅ የሚንሾካሾክ ይመስላል፤ ቃሉ ግን አይለይም። የማይለይ መሆኑ ነው ሰውን ያስፈራው። ሁሉም የሚፈራውን ሰማበት። አንዱ ትግርኛ ነው አለ፤ አንዱ ጸሎት ነው አለ፤ አንዱ ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ ብሎ ማለ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ባሰ።

እኔም በተራዬ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ካሳ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ሌላው ዳር መሻገር ጀምሮ ነበር፤ ነገረኛው እሱ ነው አልኩ። የኮሌጅ ተማሪ የመሰለ አንድ ልጅ እግር ከቤቴ በር ፊት ለፊት ጫማ ሲያስጠርግ ሁለት ቀን አየሁት፤ እሱንም ጠረጠርኩ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ባለ ጃኬቱ ሰው ከጠየቀኝ በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፦ እኔን ከወሰዱኝ ሙሉ ከማን ጋር ትሆናለች?

እህቴ አበሩ ከአምደወርቅ ለገበያ መጥታ ነበር። ሙሉን ይዛት እንድትሄድ ለመንኳት።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ልጄ።

«ምንም። ትምህርት ተዘግቷል፣ አክስትሽ ጋ ጥቂት ቆዪ።»

«አንቺስ?»

«ሥራ አለብኝ።»

አላመነችኝም። አህያዋ ፊት ፊት ስትሄድ ሙሉ እየዞረች ታየኝ ነበር። በስልክ ላናግራትም ፈራሁ፤ በኽምጣኛ ባወራ ይጠረጥሩኛል፣ በአማርኛ ባወራ ደግሞ አበሩ «ምን ነካሽ?» ብላ ትጮህብኛለች።

ጋሽ መኮንን ተጠርተው ሲመጡ እሳቸውንም ጠረጠርኳቸው። ለምን እኔን ይጠይቁኛል? «በገበያ ቀን በስንት ሰዓት ይብሳል?» አሉኝ። «ሰው ስልክ ቤቱን ሲሞላ» አልኩ፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈራሁ። «በበዓልስ?» ፊቴን ወደ መጥረጊያዬ መለስኩ። ይሄ ጥያቄ የማን እንደሆነ አውቃለሁና።

«ጥሩወርቅ» አሉኝ፣ «እኔ መሣሪያ ነው የምመረምር።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከማማው ሥር ቆሙ። ከዚያ ወጡ፤ እኔም መለኪያውን ይዤ ተከተልኳቸው። የአምደወርቁን ዓይን ብሎኖች አላልተው በጣት ስፋት ወደ ፊት ገፉት። የመለኪያው መርፌ ወጣ። በጣት ስፋት ደግመው ገፉት። መርፌው ወረደ። እንደገና ወጣ። «ደፍ አለ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ጤነኛ ቢሆን መርፌው እንዲህ አይጨፍርም ነበር። የሚመለስ ነገር አለ።» እጃቸውን በዓይኑ ፊት ላይ አሳለፉ። ቆሙ። «ቦዩ የት ሄደ?»

ቦዩ የለም። እንደ እንቁላል ልስልስ ብሏል።

ካሳ ግድግዳ ሲቀባ ስንጥቅ አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍናል፣ በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ከዚያ ነው የሚቀባ። ሰቆጣ ውስጥ ለሥራው የሚመሰገነውም ለዚህ ነው። የሁለቱንም ዓይን ቦይ ስንጥቅ መስሎት አንድ በአንድ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶታል።

ጋሽ መኮንን ለአቶ ዘውዱ ነገሩት። አቶ ዘውዱ ደነገጠ፤ ቀቡ ያለው እሱ ነዋ። የአምደወርቁ ዓይን ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ቀለሙ በጥፍር አልላቀቅ አለ። አቶ ዘውዱ ከኋላቸው ቆሞ «ዛሬ መለቀቅ አለበት፣ ዛሬ። እኔን ነው የሚጠይቁኝ» ይላል። ያን ቀን ብቻ፣ እኚያ እጃቸውን የሚያስሩ ሰው ቸኮሉ። ከሞተር ብስክሌቱ በተቀዳ ቤንዚን ጨርቅ ነክረው ቀለሙን ማሸት ጀመሩ። ቀለሙ ለቀቀ። ከሥሩ ግን ዓይኑ ራሱ እንደ ሞቀ ሰም ሟሸሸ፤ ከጨርቁ ጋር እየተሳበ መጣ። ቦዩም ስቱኮውም አንድ ላይ ተለነቀጠ።

ጋሽ መኮንን ጨርቁን አስቀመጡ። የተቀባው በርሜል ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ይሄ ነገር ቤንዚን እንደማይወድ አውቃለሁ» አሉ። «ቀለሙን ብቻ እነካለሁ ብዬ ነው።» የአምደወርቅ ስልክ ጸጥ አለ። ሹክሹክታም የለ፤ ምንም የለ። ልጄ ያለችው በዚያ ወገን ነበር።

ባለ ጃኬቱ ሰው የቀለጠውን ዓይን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ እኔን አየ። «እስካሁን አንድ ሰው ነበር የምጠረጥረው» አለ። «ማስረጃውን አብራችሁ አቀለጣችሁት ማለት ነው?»

ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ጋሽ መኮንን ግን ተነሡ።

«የወልድያው ዓይን አለ። ገና አልነካሁትም። ሳልነካው በፊት አንተ ራስህ ስማ። መስኮት ላይ ቆመህ ውጭውን ስታይ ያንተም ፊት መስታወቱ ላይ ይታይህ የለ? ያሳልፋል፣ ግን ጥቂት ይመልሳል። እዚህም የሚመለሰው የሰዉ የራሱ ድምፅ ነው። አንድ ሰው ሲያወራ አይሰማም። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያወራ የሁሉም እየተቀላቀለ ይመለሳል። ቃል የለውም፤ የድምፅ ልቃሚ ነው። በበዓል የሚጠፋው የሚደውል ስለሌለ ነው።»

«ይሄን በምን አውቃለሁ?»

«በማርያም ዕለት እንፈትነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ትሁን።»

የማርያም ዕለት አንድ ፖሊስ ከኋላዬ ቆሞ ቅዳሴ አስቀደስኩ። ምን እንደጸለይኩ አላስታውስም፤ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ከተማ ውስጥ ደግሞ ጋሽ መኮንን ከየመሥሪያ ቤቱ ስልክ ያለውን ሁሉ ለምነው፣ ባንድ ጊዜ ወደ ወልድያ እንዲደውልና ዝም ብሎ እንዲያወራ አደረጉ። አንዱ ጸሐፊ የሚያወራው ቢያጣ ወልድያ ላለ አጎቱ ዳዊት ደገመለት አሉ። ባለ ጃኬቱ ሰው ስልክ ቤት ተቀምጦ ያዳምጣል። ሹክሹክታው መጣ። እኔ በሌለሁበት፣ በበዓል ቀን፣ እንደ ገበያ ቀን ሆኖ መጣ። አንድ በአንድ ስልኩን እንዲዘጉ ሲያደርጉ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ስወጣ ባለ ጃኬቱ ሰው ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። «እውነታችሁን መሰለኝ» አለ ብቻ። «ከጠራ በኋላ ደግሞ እሰማለሁ።»

እንዴት ይጥራ? ቤንዚን የለም፤ ስለት ቢነካው ይጫራል። ስቱኮውን የሚያውቀው ካሳ ነው። ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «የለም» አለችኝ፤ ሲያስል ግን ሰማሁት።

«ካሳ፣ ውጣ» አልኩ። «እንደተንሾካሾክብኝ ተንሾካሽክ፣ ግን ውጣ።»

ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «እኔ ምንም አላወራሁብሽም እትዬ ጥሩወርቅ። ሹክሹክታው እኔ ከቀባሁ በኋላ ስለመጣ ፈርቼ ነው የምሸሽሽ። እኔ ነኝ ብል እኔን አይወስዱኝም?»

«አሁን እኔን ሊወስዱ ነው።»

«ልጆች አሉኝ።»

«እኔም አለችኝ። አምደወርቅ ናት፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።»

በሩን ዘጋብኝ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ግን ባልዲውን ይዞ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት።

«ስቱኮ ውኃ ይፈራል» አላቸው ለጋሽ መኮንን፣ መሬት መሬት እያየ። «ቀለሙን በደቃቅ አሸዋ ወረቀት ላንሳው፤ የቀረውን ውኃ ይጨርሰዋል። ክረምት የባሰው እርጥበቱን እየጠጣ ይሆናል።»

ጋሽ መኮንን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ታጠቡ። «ከዳሩ እንጀምር፤ ጥቂት ብቻ። እንይ።»

ጥቂት አየን። አልተጎዳም። ካሳ ቀለሙን እንደ ሕፃን ፊት በቀስታ አነሳው፤ ሦስታችን ውኃ እየነካን፣ የለሰለሰውን ስቱኮ በእንጨት ሚዶ ጥርስ ከየቦዩ ጫርነው። አንድ ቦይ በተከፈተ ቁጥር ጋሽ መኮንን ያያሉ፣ በፍየል ፀጉሩ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። ማንም አላስቸኮለንም፤ አቶ ዘውዱን ጄኔሬተሩ ጋ ሥራ ሰጥተውት ነበር። ዓይኑ ተመልሶ ሲገጠም በጣት ስፋት ገፉት። መርፌው ዝም አለ። ደግመው ገፉት። ዝም።

በገበያው ቀን ባለ ጃኬቱ ሰው መጣና እኔን ከአጠገቡ አስቁሞ የወልድያውን መስመር አዳመጠ። ስልክ ቤቱ ሞልቷል። ብዙ ቆየ። ግንባሩ ተቋጠረ፣ ተፈታ።

«ሰዎቹ ምን ይላሉ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አንዱ በጉን አስወደድክብኝ ይላል።» ጆሮውን አነሳ። «ሌላ ምንም የለም።» ካሳን አየው፤ እጁ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። «አንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ ስንጥቅ ስታይ መጀመሪያ ጠይቅ።» ወደ እኔ ዞረ። «የአምደወርቁም ተገጥሞ እንዲህ ከጠራ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። እስከዚያ እዚሁ ሁኚ።»

እስከዚያ የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚረዝም የጠበቀ ያውቀዋል። ቃሉን እንደሚጠብቅም አላመንኩም። ጋሽ መኮንን ደሴ ተመለሱ፤ ባለ ጃኬቱ ሰው በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል፤ ሰላም ይለኛል፤ ሰላምታውንም ጠረጠርኩት። ከአምደወርቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ልጅሽ ደኅና ናት» ይለኛል። እሷ ግን እኔ ደኅና መሆኔን በምን ታምናለች?

አዲሱ ዓይን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና መጣ። ጋሽ መኮንን እንደ ታቦት ተሸክመው አወጡት። ቀኑ የገበያ ቀን እንዲሆን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ባለ ጃኬቱ ሰው በአንዱ ጆሮ ማድመጫ፣ ጋሽ መኮንን በመለኪያው፣ እኔ በብሩሼ ቆመናል። መርፌው አልተነቃነቀም። ከአምደወርቅ የሰው ድምፅ መጣ፤ ጥርት ያለ። ገበያው እዚያም ሞቋል።

«ጠርቷል» አለ ባለ ጃኬቱ ሰው። ማድመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «በቃ። አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።» ጃኬቱን ቆልፎ ዳገቱን ወረደ። ዳግመኛ አላየሁትም።

ጋሽ መኮንን ስልኩን ወደ እኔ ገፉት። «ከዚህ የሚሄደው የመጀመሪያው ደውል ያንቺ ነው።»

ቁጥሩን እሳቸው አዞሩልኝ። አምደወርቅ ያለችው የስልክ ቤት ሴትዮ ድምፄን ስትሰማ «እትዬ ጥሩወርቅ ናት!» ብላ ገበያ ውስጥ ስትጣራ ሰማኋት፤ እኔ ድሮ እንደምጣራው። ከዚያ እየሮጠ የመጣ ትንፋሽ ሰማሁ። ሌላ ምንም አልነበረም መስመሩ ላይ። የልጄ ትንፋሽ ብቻ።

በኽምጣኛ ነገርኳት። ማንም ቢሰማ ይስማ ብዬ፣ ጮክ ብዬ ነገርኳት፦ ደኅና ነኝ፣ አልቋል፣ ነይ ወደ ቤትሽ።